ኩቴክስ ያለበት ቦታ

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ ከጠፋ ስድስት ቀን፤
አሁን ደግሞ መብራት ሄደ፣ ማን ይጠይቅ ማንን?
ሻማ ፍለጋ መሳቢያ ስከፍት
እጄ ያገኘው ሌላ ነው፤ ክሩ የተጎለጎለ ካሴት።
«ፈረንጅ፣ ቁጥር ሰባት» ይላል፣ በልጅነቴ ጽሕፈት።
ያኔ ሁሉም ፈረንጅ ነበር፤ አገር የለው፣ ስም የለው፣
ጸጉሩ ትከሻው ላይ የፈሰሰ፣ ጊታሩን እንደ ልጅ ያቀፈው፣
እየጮኸ የሚለምነው።

አቃቂ ነበርን። እህቴ አስካለ ፈትል ክፍል ትሠራ ነበር፤
ቀኑን ሙሉ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል፣ ከማሽን ጋር ስትከራከር፤
ማታ ጥጡ ከጸጉሯ ሳይራገፍ
ቴፑ ፊት ቁጭ ትላለች፣ ጎኗን ሳታሳርፍ።

ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙም ይደክማል፤
ድምፁ ይወፍራል፣ ያንቀላፋል፣
አንድ ዘፈን ሳይጨርስ ሽማግሌ ይሆናል።
ድንጋዩን ነክሰን፣ ጠዋት ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ አሙቀን
ከሞት እናስነሣው ነበር፤ ለሁለት፣ ቢበዛ ለሁለት ተኩል ዘፈን።

ቋንቋውን ማን ያውቃል! እኛ የምንዘፍነው
እንግሊዝኛም አማርኛም ያልሆነ፣ የራሳችን ነው።
«ቤቢ» የምትለዋን ብቻ እናውቃለን፤
እሷ ስትደርስ አብረን እንጮኻለን፣
ከአውቶቡስ ስትወርድ የሩቅ ዘመድ እንዳየን።

አንድ ማታ ቴፑ በላው።
ቡናማው ክር እንደ አንጀት ወጣ፣ ተቋጠረ፤
እኔ አለቀስኩ፤ የሞተ መሰለኝ፣ ውስጡ የነበረ።
አስካለ አላለቀሰችም። ምላጭ አመጣች፣
የተኮማተረውን ቆርጣ ጣለች፣
ጫፍና ጫፉን ገጥማ ከቀዩ ኩቴክሷ ጠብ አደረገች፣
እፍ አለችበት። «ይሄም ፈትል ነው» አለች።

ከዚያ ወዲያ አራተኛው ዘፈን ላይ፣ ልክ ልመናው ሲያይል፣
ሰውዬው ተንፍሶ አፉን ሲከፍት «ቸክ» ይልና ይዘላል፤
ቦይ እንደ ተሻገረ ልጅ ማዶ ቆሞ ይገኛል።
እኔም ያንን ዘፈን እንዲሁ ለመድኩት፤
ሳጠና፣ ሳገባ፣ ስፈታ፣ ከነዝላዩ አፏጨሁት።

ኋላ አዋቂ ሆንኩ። መጽሔት ሰብስቤ ስም ለየሁ፤
ማን ከማን እንደ ተጣላ፣ ማን በመጠጥ እንደ ጠፋ አወቅሁ።
ከልሳነወርቅ ጋር ግሮሰሪ ተቀምጠን ስንት ማታ ተሟገትን፣
እሱ ለጊታር መቺው ሲምል፣ እኔ ለቤዙ፣ ከነጭራሹ ለማናየውን።
(ልሳነወርቅ አሁን ጆሮው አይሰማም። ክርክሩን ግን አላቆመም።)

ባለፈው ማክሰኞ ከቃሊቲ ስመለስ
ሚኒባሱ ውስጥ ሹፌሩ ስልኩን ነካ አደረገ፤ ያው ዘፈን፤
አቧራ የሌለው፣ እንደ ታጠበ ብርጭቆ።
ልመናው ደረሰ።
እኔ እንደ ልማዴ ዘለልኩና ማዶ ቆሜ ጠበቅሁት።
አልመጣም።
እዚያው ቀርቶ ይዘፍናል፤ አራት ስንኝ፣ በዕድሜዬ ያልሰማሁት።
አሁን ቋንቋው ይገባኛል። ለካ ሴትዮዋ በሩን ከፍታለታለች!
ለካ ያኔውኑ ይቅር ብላዋለች!
አርባ ዓመት ሙሉ ደጅ ቆሞ ቀረ ብዬ ያዘንኩለት ሰው
ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ተኝቷል።
«ፋዘር፣ ሂሳብ» አለኝ ረዳቱ፤ ሰጠሁት። ቆይቼ ደግሜ ሰጠሁት።
«ከፍለሃል እኮ» ብሎ መለሰልኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።
ግን ማን ጠየቀው እንዲታረቅ?
ያ ክንድ ተኩል ክር፣ አስካለ ከጥጡ ጋር ጠርጋ የጣለችው፣
ምሕረቱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር፤ እሷም ሳትሰማው ሄደች።
የእኛ ዘፋኝ ሌላ ነው። የእኛው አሁንም ደጅ ነው፣
አፉን ከፍቶ፣ አየር ስቦ፣
የእህቴ ጥፍር ቀለም ላይ ቆሞ።

ካሴቱን በቢክ እስክሪብቶ እጠመዝዛለሁ።
ማጫወቻ የለኝም፤ ቢኖረኝም መብራት የለም።
በመስኮቱ የገባው የመኪና መብራት ክሩን ሲነካው
አየኋት፤ ደርቃለች እንጂ አልተላጠችም፤
የጤፍ ፍሬ የምታህል ቀይ።

መብራት መጣ። ፎቁ ሁሉ ጮኸ።
እኔ መጠምዘዜን አቆምኩ፤
እሷ ወደ ውስጥ ልትገባ ትንሽ ሲቀራት።